በክንዴ ያሳደግኳቸው

ፈጠራ ነው የምትሉ እዚሁ ላይ አቁሙ። ተረት የማወራበት አንጀት የለኝም። በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሆነ ነው።

ሥራዬ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢምቢ ማብላት ነበር።

በሽታ እንዳያስተላልፉ ተብሎ ዘራቸው የተቀየረ ቢምቢዎች። ደም የሚያቀርብላቸው ማሽን ከተበላሸ ወዲህ የምንመግባቸው በክንዳችን ነበር። ሌላው ሰው ያጎረሰ እጁ ሲነከስ ያዝናል... እኔ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር።

እጄን ከማስገባቴ በፊት፣ መረብ የተወጠረበትን ሳጥን ጠርዝ ሁለቴ አንኳኳለሁ። መግቢያው ላይ ያረፉት እንዳይጨፈለቁ ብዬ ነው።

ኳ... ኳ።

ውለው አድረው ድምፁን ለመዱት። ሳንኳኳ ይመጣሉ። ባልደረባዬ ክንዷን ስታስገባ ግን ዞር ብለውም አያዩዋትም።

ለአለቃዬ ለዶክተሩ ነገርኩት።

«ቢምቢ ሰው አይለይም» አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

ብዙም ሳይቆይ የበሽታ አስተላላፊዎቹን ቦታ እንዲይዙ እኔ በምኖርበት ሰፈር ሊለቋቸው መሆኑን ሰማሁ። ደሜ ፈላ።

«ሰዉን ጠይቃችኋል?» አልኩት ዶክተሩን።

«ስጦታ እኮ ነው። ለስጦታ ፈቃድ ይጠየቃል?»

«ልጄ እዚያ ናት። ነገሩ ካላማረስ ትመልሷቸዋላችሁ?»

ሳቀ። «የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል እንዴ?»

ለቀቋቸው።

ሰፈሩ ደስ አለው። ማንም አልተነከሰም... እኔም ጭምር። ጎረቤቶቼ ዶክተሩን መረቁት። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቢምቢ ደም ካልጠጣች እንቁላል አትጥልም፤ እነሱ ደግሞ በየቀኑ እየበዙ ነበር።

ታዲያ የማንን ደም ነው የሚጠጡት?

በዚያ ሰፈር የእኔን ደም የምትጋራው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ያኔ ግን አልታየኝም።

ልጄ በዚያ ሙቀት «ሹራቤን አላወልቅም» ማለት ጀምራ ነበር። ከንፈሯ ነጥቷል። ስጠይቃት «ትንሽ ደክሞኝ ነው እማዬ» ትለኛለች። እኔም ሞኟ የትምህርት ድካም ነው ብዬ ተውኳት።

የዚያን ቀን አላስችል ብሎኝ ከሥራ ቀድሜ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ቤቱ ጭር ብሏል። ጣሪያውን ነጭ ያስቀባሁት እኔ ነኝ... አሁን ጥቁር ነው።

ጥቁሩ ይነቃነቃል።

ልጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቧል። ክንዷ ላይ ያልተነከሰ ቦታ የለም።

«እማዬ... ቀስ በይ» አለች በሹክሹክታ።

«ነይ... ወደ እኔ ነይ።»

«አልችልም። ሊጠሩኝ ነው።»

«እነማን?»

ወደ ጣሪያው አየች።

እጅጌዬን ሰብስቤ የአልጋውን ጠርዝ ሁለቴ አንኳኳሁ። ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔን ይብሉኝ።

አንዷም አልወረደችም።

ከዚያ... ከላይ፣ ከዚያ ጥቁር መሃል፣ ልክ እኔ እንደማንኳኳው...

ኳ... ኳ።

ልጄ ክንዷን ዘረጋች።