ከስልሳ አንድ የማይነቃነቀው የልብ ምት መለኪያ

ማመን የማይፈልግ ሰው እዚህ ጋ ያቁም። አልቀየመውም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ "ሂድ ወዲያ!" ብዬ አልፈው ነበር።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ቦታው የምንሠራበት የአውቶቡስ ድርጅት ግቢ ነው። ሹፌሮቹ አልገቡም። አውቶቡሶቹ ተደርድረው ቆመዋል...

እኔ መካኒክ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ሹፌር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ በቁመቴ እያሾፈ "ብሎን" ይለኛል።

ዘንድሮ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ ሐኪሙ ልቡን አዳምጦ ወረቀቱን ሳይፈርም አስቀመጠው።

"ሦስት ወር ልስጥዎት" አለው። "ስፖርት ይሥሩ፣ ክብደት ይቀንሱ። ግን የልብ ምትዎ በደቂቃ ከመቶ ሠላሳ እንዳያልፍ። ካለፈ እዚያው ይቁሙ። ካልቆሙ ግን..."

አልጨረሰውም።

ስለዚህ የልብ ምት መለኪያ መግዛት ግድ ሆነ። ጋሼ ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። "አንተ ማሽን ታውቃለህ፤ ደህናውን ምረጥልኝ።"

ደህናውን አልመረጥኩለትም።

የስፖርት ዕቃ ቤቷ ሻጭ ሦስት ዓይነት አወጣችልኝ። አንዱ እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት ነው። ሁለተኛው ደረት ላይ የሚታጠቅ ቀበቶ ነው፤ የልቡን ትርታ ከሥሩ ይይዝና ቁጥሩን አብሮት ወደሚሸጠው ሰዓት ይልካል። ለሚሮጥ ሰው እሱ ይሻላል አለችኝ። ሦስተኛውም ያው ቀበቶ ነው፤ ግን ካርቶን የለውም። ዋጋው የሌላውን ግማሽ አይሞላም።

"ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?"

"የተመለሰ ነው።"

"ይሠራል?"

"በደንብ።"

"ታዲያ ሰውየው ለምን መለሰው?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እሱ አይደለም የመለሰው... ሚስቱ ናት።"

ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ዋጋው ጥሞኝ ነበር። የተረፈውን ብር ኪሴ ከተትኩ።

ቀበቶውን የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው አብሮት ያለው ሰዓት በራ።

61።

ማንም አልታጠቀውም።

"ስንሞክረው የቀረ ቁጥር ነው" አለች። ከዚያ ቀበቶውን በጨርቅ ጠረገችው። ጨርቁ ረጠበ...

ለጋሼ "አዲስ ነው" አልኩት። መረቀኝ።

ያለ መነጽር ቁጥር ስለማይታየው ቀበቶውን እሱ ይታጠቃል፣ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። በአውቶቡሶቹ ዙሪያ እየሮጠ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር "ስንት?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። ሹፌር ደግሞ መሪው ፊት ያለውን መለኪያ፣ ጌጁን ያምናል። የሙቀት ጌጁ ቀይ እስካልነካ ድረስ ሞተሩ ቢያጓራም ዳገቱን ይወጣዋል እንጂ አይቆምም። ጋሼ ልቡንም እንደዚያው ያዘው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። መቶ አሥር... መቶ ሃያ አምስት... "ጋሼ፣ ቁም!" ስለው ይቆማል።

በስምንተኛው ቀን እያለከለከ መጣ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

"ስንት?"

ሰዓቱን አየሁት። "ስልሳ አንድ።"

"አትቀልድ!"

"እውነቴን ነው።"

ሳቀ። "አየህ ብሎን? ልቤ እንደ አዲስ ሞተር ሆነልኝ!"

እኔ ግን መካኒክ ነኝ። ሞተር እየተጨነቀ ጌጁ የማይነቃነቅ ከሆነ ጌጁ ሞቷል ማለት ነው። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ኪሴ ትዝ አለኝ።

ዘጋሁት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አውቶቡስ ሥር ተኝቼ ብሎን ስፈታ እጄ ላይ ያለው ሰዓት በራ። 61። ቀበቶው ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

ተነስቼ ሄድኩ። በሩን ስከፍት 74 ሆነ።

አንድ እርምጃ... 90።

ሌላ እርምጃ... 118።

ቀበቶው ማንም ሳይነካው በቀስታ ይወዛወዛል። በጣቴ ነካሁት። ሞቃት ነበር፤ አሁን ከሰው ደረት ላይ የወለቀ ይመስላል። ወደ ኋላ ስሸሽ ቁጥሩ ወደ 61 ተመለሰ።

ያን ዕለት አውጥቼ መጣል እችል ነበር። ጋሼ "የት አደረስከው?" ቢለኝስ? ብሩን አጥፍቼዋለሁ። ፈሪ ነኝ፤ ለወንድሜ ከመፍራት ለራሴ ማፈር በለጠብኝ።

የሐኪሙ ቀጠሮ ዋዜማ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ...

ጋሼ አምስተኛውን ዙር ጨርሶ መጣ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ግራ ክንዱን ይዞታል።

"ስ... ስንት?"

"ስልሳ አንድ።"

"እንግዲያው... አንድ ዙር ልጨምር?"

ፊቱን አየሁት። ከዚያ ሰዓቱን አየሁት።

"ጨምር" አልኩት።

ከመጨረሻው አውቶቡስ ጀርባ ገባ። የእግሩ ድምፅ ይሰማኛል... ይሰማኛል...

ቆመ።

ሰዓቱ ነቃ። 80። 120። 165። ደስ ብሎት እንደሚሮጥ ሰው ልብ ወደ ላይ ተፈተለከ።

ሮጥኩ። ጋሼ በጀርባው ወድቋል። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። አፍንጫው ሥር ጣቴን ያዝኩ። ምንም። ስጮህ ሰሚ አልነበረም፤ ደረቱን እየደለቅኩ፣ ስሙን እየጠራሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም።

ሰዓቱ ቀስ እያለ ወረደ። 61።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ስንት?" አለ በሹክሹክታ።

"ስ... ስልሳ አንድ።"

"ጥሩ ነው።"

ተነሳ። አቧራውን አራገፈ። ላቡ ደርቋል። አያለከልክም።

"ጋሼ፣ ቀበቶውን ፍታው" አልኩት እያለቀስኩ። "አሮጌ ነው። ዋሽቼህ ነው፤ ብርህን በልቼብሃለሁ። ይቅር በለኝ!"

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ምን ነበረበት!

"አይፈታም" አለኝ ብቻ።

በማግስቱ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ማዳመጫውን ነካ ነካ አድርጎ እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ጣቱ ላይ የሰካለትን ማሽን አየና ፊቱ ፈካ። "ስልሳ አንድ! እንኳን ደስ ያለዎት" ብሎ ፈረመለት።

ማታ የጋሼ ሚስት ደወለችልኝ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች በሹክሹክታ። "የሚፈላ ሻይ እፍ ሳይል ጨለጠው..."

"ደክሞት ይሆናል" አልኳት። አሁንም ዋሸሁ።

ትናንት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጋሼ አውቶቡስ ሰው ሞልቶ ሊወጣ በር ላይ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ በትንፋሻቸው መስኮቱን ሁሉ ጉም አልብሰውት በእጅጌያቸው እየጠረጉ ወደ ውጭ ያያሉ። ሕፃናትም አሉበት።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። አፉን መስታወቱ ላይ ለጠፍ አድርጎ ረዘም ያለ ነገር ነገረኝ። በሞተሩ ድምፅ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

በእሱ በኩል ያለው መስታወት ጥርት እንዳለ ነበር።