«እንደ ላይኛው» የሚባል የደም ዓይነት

ልጆቼ፣ የራሴን ጥፋት ስነግራችሁ አላፍርም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይማርበት ብዬ ነው።

በሆስፒታላችን ደም ባንክ የለጋሾችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ላቦራቶሪው ውጤቱን በደም ዓይነት እየለየ ይልክልኛል። እኔም ለመጀመሪያው ሰው የደሙን ዓይነት እጽፍና፣ ከእሱ በታች ላሉት ሁሉ «እንደ ላይኛው» እያልኩ እወርዳለሁ። ሥራ ያቀላጥፋላ! ኮምፒውተር ሲመጣም ልማዴን ይዤ ወደ ሰንጠረዡ ገባሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ደስታችን ወሰን አጣ። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ፋይል ሁሉ ወደ ዳታቤዝ፣ ማለት ሲጠይቁት ወዲያው ወደሚመልስ አንድ ትልቅ መዝገብ፣ ሊገባ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ አንድ ገጽ የማይሞላ ትእዛዝ ጽፋለች። ትእዛዙ ፋይሎቹን እየከፈተ መስመር በመስመር ያነብና ሁሉንም በጅምላ ይጭናል።

«እኔ አንድ በአንድ ብተይበው ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ጡረታዎ ይቀድምዎታል» አለችና ቁልፉን ተጫነች።

አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቼ ሳልጨርስ «ከ11,240 መስመር 11,240 ገብቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ!

ጭብጨባው ሳይበርድ የማዋለጃ ክፍሏ ነርስ በሩን በርግዳ ገባች። «አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው። ኦ ኔጌቲቭ ነች፣ ሌላ ዓይነት ደም አይሆናትም፤ የቀረን አንድ ከረጢት ብቻ ነው። ቶሎ ለጋሽ ጥሩልኝ!»

«ዛሬማ ምን ችግር አለ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ባለሙያዋ ዳታቤዙን ጠየቀች። ሦስት ሰው ብቻ አወጣ። የአንዱ ስልክ ዝግ ነው፣ ሁለተኛው መንገድ ሄዷል፣ ሦስተኛዋ ራሷ ነፍሰ ጡር ናት።

«ሦስት? አይሆንም! እኔ ራሴ የጻፍኳቸው ከመቶ በላይ ናቸው!»

ባለሙያዋ የደም ዓይነቱን ዓምድ ከፈተች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ‹እንደ ላይኛው› ምንድን ነው?»

«እንደ ላይኛው ነዋ! ሰው አይቶ ይገባዋል።»

«ሰው ይገባዋል። ለዳታቤዙ ግን ላይም ታችም የለም፤ እያንዳንዱ መስመር ብቻውን ነው የሚቆመው። ‹እንደ ላይኛው› የሚባል የደም ዓይነት ያለ መስሎት ጭኖታል።»

ወደ እሷ ዞርኩ። «አንቺስ ልጄ፣ ሳትጭኚ በፊት አላየሽውም?»

«ብዛቱን ቆጠርኩ እንጂ ውስጡን አላየሁም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ጥፋቱን በኋላ ተካፈሉት!» ጮኸች ነርሷ። «አሁን ለጋሽ ስጡኝ!»

ደግነቱ ዋናዎቹ ፋይሎች አልተነኩም፤ የመስመሮቹ ተራ እንደነበረ ነው። ባለሙያዋ አራት መስመር ትእዛዝ ጨመረች፦ «እንደ ላይኛው» ባገኘህበት ሁሉ ከበላዩ ያለውን የደም ዓይነት አውርደህ ጻፍ። ከመጫኗ በፊት ግን ዐሥር ሰው ብቻ አውጥታ «ከመዝገብዎ ጋር ያመሳክሩልኝ» አለችኝ። አንድ በአንድ አመሳከርኩ።

«ልክ ነው! ዐሥሩም ልክ ነው! ጫኚው!»

መቶ ሠላሳ ሰባት ሰው ተዘረገፈ! ሦስታችንም ስልክ ላይ ተረባረብን። መጀመሪያ የደረሰው አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። «ደንበኛዬን ግማሽ ራሱን ቆርጬ ነው ጥዬው የመጣሁት፤ ፍጠኑልኝ፣ እንዳይገለኝ!» አለ። ከእሱ ኋላም ሌሎች ስምንት ተከታትለው መጡ። የነበረችው አንዷ ከረጢት ወላዷን እስከዚያ ያዘችልን፤ የተለገሰው ደም ተመርምሮ ደረሰላት። ከሰዓት በኋላ ነርሷ እየሳቀች መጣች። «እናትም ልጅም ደህና ናቸው!» ባለሙያዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም እንባዬ አመለጠኝ።

ልጆቼ፣ መዝገብ የምትይዙ ሁሉ፣ ለያንዳንዱ ሰው መስመሩን ሙሉ አድርጋችሁ ስጡት። በችግር ቀን የሚፈለገው በራሱ መስመር ነው፣ በጎረቤቱ አይደለም። እናንተ በጅምላ የምትጭኑም፣ ማሽኑ «ገብቷል» ስላለ ብቻ አታጨብጭቡ፤ ጥቂቱን አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ፍጥነት መልካም ነው፤ የሚያምረው ግን ልክ ሲሆን ነው።

ያን ዕለት ማምሻ ላይ ዘጠኙን ለጋሾች ልመዘግብ ተቀመጥኩ። የዘጠኙም ደም አንድ ዓይነት ነው። እጄ በልማዱ «እንደ» ብሎ ጀመረ። አጠፋሁትና ኦ ኔጌቲቭ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ኦ ኔጌቲቭ። ዘጠኝ ጊዜ፣ ለዘጠኝ ሰው።