አሥራ ሁለተኛው ችካል

ታንጉ ሰውየውን ገና ስታየው አልወደደችውም። በአባቷ የሰሊጥ ማሳ ጫፍ፣ የነሐሴ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ይተክላል። በገንዳ ውሃ ከተማ አካባቢ ችካል ከተተከለ በኋላ መሬት የሚወስድ ባለሀብት እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል።

«ማን ልኮህ ነው መሬታችንን የምትለካው?»

«ኧረ አልለካም! ያብስራ እባላለሁ፣ የነፍሳት አጥኚ ነኝ፤ ከጎንደር ነው የመጣሁት። የምፈልገው ንብ ነው።»

«ንብ?»

«ማዶ ሱዳን እንጂ እዚህ ታይታ አታውቅም። ከዱር ሐብሐብ አበባ በቀር አትቀምስም። ቤቷ መሬት ውስጥ ነው፤ ችካሉ ቀዳዳዋ እንዳይጠፋኝ ነው።»

ቀፎ የሌላት ንብ! ሲዋሽ እንኳ አያፍርም። መልኩ ደስ ማለቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ሲሄድ የተከላቸውን አሥራ አንዱንም ችካሎች ነቅላ ወሰደች። ወዲያው ዝናብ ወረደ። ያብስራ ሲመለስ ቀዳዳዎቹ ጠፍተው ጭቃውን ብቻ አገኘ። ችካሎቹን ታቅፋ ቢያያትም አልጮኸባትም።

«የሦስት ሳምንት ሥራዬ ነበር...» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ ንቧን የሚመዘግቡ ሰዎች ሊያዩ ይመጣሉ።»

«መሬታችንን የሚወስዱት እነሱ ናቸው?»

«አይመስለኝም። ግን እርግጠኛ ባልሆንኩበት ነገር ቃል አልሰጥሽም።»

ይህ ነገር ከነከናት። አታላይ ቢሆን ኖሮ መማል ይቀናው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ሄዳ የዱር ሐብሐቡ አጠገብ ተቀመጠች። እግሯ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። አንዲት ትንሽ ንብ ቢጫ ዱቄት ተሸክማ ከአበባው ተነሳችና መሬት ውስጥ ጥልቅ አለች። ታንጉ በእፍረት ተነስታ ሌሎቹንም ንቦች እስከ ቀዳዳቸው አንድ በአንድ ተከተለቻቸው።

ያብስራ እንግዶቹን ይዞ ሲደርስ ችካሎቹ በየቦታቸው ቆመዋል። ቆጠራቸው።

«አሥራ ሁለት ናቸው! የእኔ አሥራ አንድ ነበሩ...»

«አንዷን ቀዳዳ አንተ አላየሃትም። እኔ ነኝ ያገኘኋት።»

እንግዶቹ ንቧን መዝግበው ሄዱ፤ መሬቱን የነካ የለም። ታንጉ ግን ባለሀብት ይመጣል ብላ እስከ አጨዳ ድረስ መንገድ መንገዱን ስታይ ከረመች። የሚመጣው ያብስራ ብቻ ነበር፣ በየቅዳሜው።

«አበባው ረግፏል፣ ንቧም የለችም። አሁን ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?»

«አንቺን።»

ታንጉ ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች። ልቧ ግን ቀልጧል።

ሰሊጡ ከገባ በኋላ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ሽማግሌዎቹን በጥርጣሬ አዩአቸው።

«ልጁ የፈለገው ልጄን ነው ወይስ መሬቴን?»

ታንጉ ከጓዳ ሆና መታገስ አቃታት።

«እኔን ነው አባባ! አራት ወር ሙሉ አጣርቻለሁ!»