ፍየሏ የበላችው ሦስት

ልጅቷ የክር ብጥስጣሹን ስትጠርግ ጠዋት እያየች የሰፋችበትን የመንገደኛ ስልክ ቁጥር ወረቀት አገኘችና ክው አለች። ከስልክ ቁጥሩ መሃል ሁለት ሦስቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ የሰፋችው አንዱን ብቻ ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋም ድንበሩ አጠገብ ካለው መናኸሪያ ጥግ ነው። መንገደኞች ከመሻገራቸው በፊት የቤተሰባቸውን ስልክ ቁጥር ጃኬታቸው ገበር ላይ ትሰፋላቸዋለች። ሞባይል ይሰረቃል፣ ወረቀት ይርሳል፤ ክር ግን ባለቤቱን አይከዳም። ስትጨርስ ደግሞ ቁጥሩን ጮክ ብላ ለባለቤቱ ታነባለች። ሕጓ ነው።

ዛሬ ጠዋት መርፌውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጇ ለቀቀችላት። ሰፈሩ ግን «እናት ትሰፋለች፣ ልጅ ትቀድዳለች» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ልጅቷ ቀይ ሻርፕ ላደረገችው መንገደኛ፣ ፓስፖርት ይዛ ድንበር ስላለፈች ፍየል አወራቻት። ፍየሏ ፎቶ ልትነሳ ፂሟን ስታበጥር ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። አንዱ ሦስት ያኔ ቀረ። ንባቡም ተረሳ።

ያወቀ ሰው የለም። ብትናገር ከመርፌ ወደ መጥረጊያ መመለሷ ነው። ዝም ብትልስ? ቁጥሩ የመንገደኛዋ እናት ስልክ ነው፤ መንገደኛዋ ደግሞ ቁጥር በቃሌ አልይዝም ብላለች።

ወረቀቱን፣ መርፌና ክሩን አፈፍ አድርጋ በረረች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ባለ ቀይ ሻርፗ በመስኮት ስታያት ገና ከሩቅ ሳቀች።

«ቁጥሩ ጎድሏል» አለቻት እያለከለከች። «አንድ ሦስት።»

«ፍየሏ በላችው?»

«ፍየሏ ውሸት ናት፣ እህቴ። ሦስቱ ግን እውነቴን ነው።»

የመንገደኛዋ ሳቅ ቀስ ብሎ ከፊቷ ጠፋ። ወርዳ ጃኬቷን አወለቀች። ረዳቱ የሠርግ ልብስ ነው እንዴ የምታሰፊው እያለ ቢነጫነጭም፣ ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ክሩን ፈታች፣ መልሳ ሰፋች፤ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። ከዚያ ጣቷን እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች። መንገደኛዋም እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ አብራት ደገመች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ አለች። «ፍየሏስ?»

«ደህና ገብታለች» አለቻት።

ሱቅ ስትመለስ እናቷ የት ጠፍታ እንደቆየች ጠየቀቻት። ልጅቷ አፏ ላይ ሦስት ውሸቶች ተሰልፈው ነበር፤ አንዱማ ዝሆን አለበት። ሁሉንም ዋጠቻቸውና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እማ፣ ጠዋት ሳላነብላት ነው የሸኘኋት።»