ብርሃኑ እስኪስተካከል

እኩለ ቀን ላይ ይነሳል የተባለው የጭነት መኪና አፍንጫው ወደ መውጫው መዞሩን ካሚላ ያየችው ዘግይታ ነበር። ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ የካዛንቺስ ቤቶች የሚፈርሱበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚሰነባበትበት ወቅት ነው፤ የሟቹ የሻምበል ሀይሉ ባለቤት ወይዘሮ ጀማነሽም በዚያች ጠዋት ወደ ልጃቸው ወደ አዳማ ሊሄዱ ተሰናድተዋል። በአንድ ግቢ እየኖሩ ካሚላን በአራስነቷ ያስታመሙ፣ ልጇን አፍራህን አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ነበሩ፤ እሷ ግን አንድም የእሳቸው ፎቶ የላትም። ዳግም እንደማታያቸው ልቧ ነግሯታል፤ ልቧ ደግሞ ክፉውን ለመንገር ሰንፎ አያውቅም።

አፍራህ ፎቶ ማንሳት የተማረች ናት። የካሜራውን መቆሚያ ተከለች፤ ሌንስ ቀየረች፤ ብርሃን ለካች። አሮጊቷን ላለማድከም ብላም እናቷን በእሳቸው ወንበር አስቀምጣ ሙከራውን በእሷ ላይ ጀመረች።

«እማ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ!»

«የእኔ አገጭ ምን ያደርግልሻል? እሳቸውን አንሺ!»

«ማለቴ፣ ጥላው ፊት ላይ እየወደቀ ነው። በቃ፣ አምስት ደቂቃ።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ከደጃፋቸው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ጠቅ አድርጊውና ልሂድ! ይህ ፊት እንደሆነ በብርሃን አይታደስም።»

ልጃቸው ሃብተአብ የመጨረሻውን ፍራሽ አስጭኖ መጣ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሠን» አለች ካሚላ።

«ከንጋት ጀምሮ የራስሽን መልክ ስታስነሺ እያየሁሽ ነው። እናቴ ያንቺን ተራ ጠባቂ ናት?»

ክንዳቸውን ይዞ ጋቢና አስገባቸው። አፍራህ ይኼኔ ካሜራውን ከመቆሚያው ነቅላ ሮጠች።

«እትዬ ጀማነሽ፣ ወደዚህ ይዩ!»

«ቤቴ ደጃፍ ላይ ሳለሁ ያላነሳሽኝን፣ አሁን ከፍራሽ ጋር ተጭኜ? አልነሳም!» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። መኪናው ሄደ።

በካሜራው ውስጥ ብርሃናቸው ያማረ አርባ አንድ የካሚላ ፎቶዎች ነበሩ፤ አንድ ደግሞ የነጭ ነጠላ። አፍራህ ስታለቅስ እናቷ አላባበለቻትም። «ጥሩ አድርገሽ ተዘጋጅተሻል» አለቻት።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች የመንገዱን ስፋትና የሕንጻዎቹን ቁመት መዝግበዋል፤ ከደጃፍ የተነሱት ሰዎች ምን ይመስሉ እንደነበር ግን የሚያውቀው ያያቸው ብቻ ነው፤ ያየም ይረሳል።

ለሠላሳ ዓመታት የግቢው በር ወይዘሮ ጀማነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ተቆልፎ አያውቅም ነበር። በዚያን ቀን ካሚላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆለፈችው።