ከበረንዳው ስር የጠፋው ብረት

«ሶሌታው ነው የገደለው ስልሽ! ሶሌታ ደግሞ አይታሰርም!»

«አንተ ግን ትታሰራለህ። አፍህን ዝጋና ቁጭ በል።»

ደላላው ቁጭ አለ። ካርቶን ላይ ነው የተቀመጠው፤ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ቤቱን የሸጡት ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ ዕቃቸውን እያስጫኑ ነበር። ውጭ የበረንዳው ክዳን፣ ያ ወፍራም የሲሚንቶ ሶሌታ፣ ግማሹ ወርዷል። ከስሩ ቤቱን የገዛው ሰውዬ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ትናንት ቤቱ ላይ ፈረመ፤ ዛሬ ቤቱ እሱ ላይ ፈረመበት።

መርማሪዋን ጣቢያ ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ስታያት ሱቅ የተላከች ታናሽ እህትህን ትመስላለች። ዱቄቱን ታሳልፍና ገለባውን እጇ ላይ ታስቀራለች።

«አባቴ፣» አለች ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ «በረንዳው ድጋፍ ነበረው?»

«የምን ድጋፍ? ልጄ፣ ይሄ ቤት እኮ እኔን ይቀብራል እያልኩ ነው የኖርኩት! እንዲህ ጠንካራ ነው!»

«ሌላ ሰው ቀበረ።»

ሽማግሌው ሳል መጣባቸው።

ወንፊት ወደ በረንዳው ወጣች። ሁሉ ነገር ነጭ የሲሚንቶ አቧራ ለብሷል፤ መጥረጊያው፣ ያረጀው ነጠላ ጫማ፣ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ደግሞ የሟቹ ሽፋሽፍት ሳይቀር። ንጹህ የሆነች አንዲት ነገር ብቻ አለች፦ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለች አበባ። ቅጠሏ ያብረቀርቃል። ቆርቆሮውን ገፋ አደረገችው። ከስሩ ሊሾው ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያክል የዝገት ክብ አለ።

ሟቹን ደግማ አየችው። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ሲሚንቶው ስር ነው። ከራሱ ስር የገዛ ኮቱ አለ፣ ጥሩ ተደርጎ የታጠፈ።

ጓሮ ዞረች። የሽማግሌው የብረት ቁርጥራጭ ተከምሯል። ሁሉም ዝገት ብቻ ነው፤ አንዱ ቱቦ ግን ዝገቱ ላይ ነጭ አቧራ ለብሷል። ምንም ሳትነካ ተመለሰች።

የሟቹ ሚስት ሳሎኑ ጥግ ቆማለች። ሹራቧን ገልብጣ ነው የለበሰችው፣ ስፌቱ ውጭ ነው። በሐዘን መሀል ማን የሰው ሹራብ ያያል?

«እህቴ፣ ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«ሱቅ። ሳሙና ልገዛ። ቤቱን ልናጥብ ነበር። ስመለስ... ሞቷል። በር ላይ ወጥቼ ጮህኩ፣ እነዚህ ሁለቱ መጡ።»

«ሳሙናውስ?»

«የለም አሉኝ።»

«እሺ። የኢንሹራንሱ ሰው መቼ ነው የሚመጣው?»

ሦስቱም እኩል ወደ በሩ ዞሩ። ውሉን ሲፈርሙ እንኳን እንዲህ አልተስማሙም።

«አንተ ደላላ፣ አንተ ንገረኝ። ባንኩ ቤቱ ኢንሹራንስ ካልገባ ብድሩን አይለቅም፣ አይደል?»

«አይለቅም። ከፊርማው ቀን ጀምሮ መግባት አለበት፤ ገብቷልም። ግን ኢንጂነራቸው ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ያያል። ካልጣመው ይሰርዙታል።»

«ከተሰረዘስ?»

«ብድር የለማ። ገዢው ካልከፈለ ቀብዱ ለሻጩ ይቀራል።»

«ዕድሜ ልካችንን ያጠራቀምነው ነበር፣» አለች ሚስትየው ለራሷ።

ወንፊት ባዶው ሳሎን መሀል ቆመች።

«ስሙኝ። አባቴ፣ በረንዳው ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ስንጥቁን ቀለም ቀቡት፣ ከስሩ ብረት አቆሙለት። ሊሾው ላይ ያለው ዝገት የአንድ ክረምት አይደለም።»

ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ።

«አንተ ደግሞ ለገዢው፣ ‹ኢንጂነሩ ብረቱን ካየ አለቀልህ፤ እስኪሄድ ንቀለው› አልከው።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው! ሰውየው ሲሄድ ይመለሳል። ይሞታል ብዬ ልጠንቁል እንዴ?»

«ነቀለው፣ ወረደበት። እዚህ ድረስ የሞኝ አደጋ ነው። ግን ብረቱ አጠገቡ መገኘት ነበረበት፤ እኔ ያገኘሁት ጓሮ ነው። ከዛ ሁሉ ብረት የበረንዳውን አቧራ የለበሰው እሱ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ አቧራ የሌላት አበባዋ ብቻ ናት። ስለዚህ ሶሌታው ከወረደ በኋላ አንድ ሰው ብረቱን ወሰደ፣ አበባዋን አምጥቶ የዝገቱ ክብ ላይ አስቀመጠ። ኢንሹራንስ ድንገት ለወደቀ ይከፍላል፤ እያወቁ ለደበቁት ቤሳ አይሰጥም።»

«ሽማግሌው ናቸው!» አለ ደላላው።

«አንተ ነህ እንጂ፣ ምላሳም!» አሉ ሽማግሌው።

«ሁለታችሁም ያኔ ውጭ ቁምሳጥን ተሸክማችሁ ስትጨቃጨቁ ነበር፣ የጭነት መኪናው ሾፌር መስክሯል። እህቴ፣ ሹራብሽን ገልብጪው።»

ሚስትየው አልተንቀሳቀሰችም። ከዛ አወለቀችው፣ ገለበጠችው። ትከሻው ላይ ቀይ የዝገት መስመር ተጋድሟል።

«እና ምን ይሁን?» ደላላው አላስቻለውም። «ሬሳ አጠገብ ብረት ማንሳት መግደል ነው እንዴ?»

«ሬሳ አልነበረም። እጆቹ ሲሚንቶ ስር ናቸው፣ ኮቱን ራሱ አላጠፈውም። ለሞተ ሰው ደግሞ ማንም ትራስ አያደርግም። ሬሳውን ያየው ሐኪም ቀስ እያለ ነው የታፈነው ብሏል፤ ያኔውኑ ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር።»

ውጭ መኪና ቆመ፤ የኢንሹራንሱ ኢንጂነር በሰዓቱ መጣ፣ መለኪያ ሜትሩን ይዞ።

ወንፊት ወደ ሚስትየው ተጠጋች። ድምጿ ወረደ።

«አሁን ኢንሹራንሱ ቀረ። ብድሩ ቀረ። ቀብዱ ቀረ። ባልሽም ቀረ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ባልሽ እዛ ወድቆ እያየሽ፣ እንዴት አድርገሽ ከእሱ በፊት ብረት አነሳሽ?»

ሚስትየው ቀና አለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ልጮህ ስል አፌን ያስያዘኝ ራሱ ባሌ ነው! ‹መጀመሪያ ብረቱን ደብቂ፣ ጩኸቱ ይደርሳል› አለኝ!»