ከአልጋ ሥር የተደረደረው ጁስ

«በገላን ኮንዶሚኒየም እንደ እኔ እህቷን የምትወድ ካለች እስቲ ትምጣ!» ትል ነበር ዕፀገነት፣ ለሰማትም ላልሰማትም። ትወዳትም ነበር። እታገኝ እስክትታመም ድረስ።

እታገኝ ታላቋ ናት። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ቂሊንጦ ፋብሪካ ልብስ እየሰፋች ዕፀገነትን ያስተማረች፣ ያለበሰች እሷ ነች። ታዲያ ምን ያደርጋል? የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያስል ከርሞ ኮሮናውን አካፈላት። ሁለት ሳምንት ተኛች፤ ሳሉ ሲለቃት ተመስገን ተባለ። ከዚያማ ጠያቂው ጎረፈ! እትዬ ዳሲቱ የማንጎ ጁስ፣ ባለሱቁ ሱፍያን ለስላሳ፣ የሥራ ጓደኞቿ ማር... አልጋዋ ሥር ሱቅ መሰለ። ዕፀገነት አምና እግሯ ሲሰበር የመጣላት ሦስት ብርቱካን ነበር፤ እሱም አንዱ የበሰበሰ! ይባስ ብሎ እታገኝ ከሳች። ወገቧ እፍኝ ሲሆን ጎረቤቱ «ሞዴል መሰልሽ እኮ!» አላት። ዕፀገነትን ቅናት አንገበገባት። ጁሶቹን እያየች፣ እታገኝም እየሰማች «ምነው እኔን ባመመኝ!» አለች።

እታገኝን ግን ውሃ ጥም ገደላት። ትጠጣለች፣ ሽንት ቤት ትሮጣለች፣ ተመልሳ ትጠጣለች። በዚያ ሳምንት ደግሞ ውሃ ጠፍቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀሪካን መሸከም ነበር። እናታቸው ወይዘሮ አስቴር ጎህ ሲቀድ አትክልት ሊሸጡ ይወጣሉ። የቀረችው ዕፀገነት ናት።

«ዕፄ፣ የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ውሃ...»

«ሠራተኛሽ ነኝ እንዴ? ያ ሁሉ ጁስ ተደርድሮልሽ ውሃ ያምርሻል? እሱን ጠጪ!»

ጠጣች። ምን ታድርግ? በጠጣች ቁጥር ጥሙ ባሰባት፤ ጥሙ ሲብስባት ደግሞ ሌላ ከፈተች... በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ቢቀሰቅሷት አልነቃ አለች። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ጎረቤት በብርድ ልብስ ተሸክሞ ደረጃውን አወረዳት። ያቺ ቤቱን በጫንቃዋ ያቆመች ልጅ!

«ቫይረሱ ቆሽቷን ሳይጎዳው አልቀረም» አለ ሐኪሙ። «ኢንሱሊን የሚያመነጨው እሱ ነው። እሱ ሲደክም ስኳሩ ደሟ ውስጥ ተጠራቀመ። ውሃ ጥሙም ክሳቱም ከዚያ ነው። ለመሆኑ ምን ስትጠጣ ነበር?»

«ጁስ» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

ዕፀገነት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! እህቴ አማረባት ብላ የቀናችባት ለካ እያለቀች ነበር። ሦስት ቀን ከሆስፒታሉ በር አልራቀችም፤ እህል በአፏ አልዞረም።

በሦስተኛው ቀን እታገኝ ዓይኗን ገለጠች። ከእንግዲህ ግን ዕድሜ ልኳን መርፌ አለባት። አይ ዕድል! እንደ ጉንፋን ገብቶ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ እንግዳ አለ? ደግሞስ ያመጡላት ሁሉ በፍቅር አልነበረም? በክፋት ያቀረበችላት አንዲት ብቻ ነበረች... እሷም እግሯ ሥር ተደፍታ ትንሰቀሰቃለች።

«እህቴ! የኔ እናት! ምነው እኔን ባመመኝ!»

እታገኝ የደረቀ ከንፈሯን ላሰች።

«ያኔም ብለሽ ነበር፣ ጁሱን አይተሽ። አሁን ልቅሶሽን ተይና ውሃ አምጪልኝ።»